ዘለበቱ በግራ

ሌባው አንድም ነገር አልወሰደም። ቢያንስ እንደዚያ ነበር የሚመስለው።

የሱቁ ቁልፍ አልተሰበረም። መስኮቱ አልተነካም። ከቻይና የመጡት ካርቶኖች ቁጥራቸው ሙሉ ነበር፤ በውስጣቸው የነበሩት ቦርሳዎችም አንድ ሳይጎድሉ ለየባለቤታቸው ታድለዋል። ስለዚህ ያን ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ዓለምነሽ የሱቁን በር በትከሻቸው ገፍተው ሲገቡ፣ ሲቲ መዘረፏን ገና አታውቅም ነበር። ፈገግ ብላ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

"እንኳን ደህና መጡ፣ እትዬ።"

እትዬ ዓለምነሽ ጥቁር ቦርሳቸውን ባንኮው ላይ ወረወሩት።

"ወር እንኳ አልሞላውም እኮ!" አሉ። "ትናንት ከሥራ ስወጣ ማንገቻው በጥ አለና ምሳ ዕቃዬ፣ መነጽሬ፣ ሁሉም ፓርኪንጉ ላይ ተበተነ። በረዶ ላይ ተንበርክኬ ስለቅም ፈረንጆቹ መኪናቸውን አቁመው ያዩኛል። በዚህ ዕድሜዬ!"

ሲቲ ቦርሳውን አነሣችው። ጥቁሩ ቀለም ማዕዘኖቹ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሥቷል። ከሥሩ ነጭ ጨርቅ ይታያል።

ቆዳ ይጫራል። ያረጃል፤ ይለሰልሳል። እንዲህ ግን አይላጥም።

"ይሄ የኔ ቦርሳ አይደለም" አለች።

"ስምሽ ተጽፎበታል እኮ፣ ልጄ!"

እውነት ነው፤ ተጽፎበታል። ገበሩ ላይ፣ በወርቃማ ክር፣ በአማርኛ ፊደል፦ ሲቲ።

"እትዬ፣ በአላህ ስም እነግርዎታለሁ፤ እኔ ያሠራሁት ይሄን አይደለም።"

እትዬ ዓለምነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ዝቅ ሲል ደግሞ ይበልጥ ከበደ።

"እኔ ብቻ ብሆን ዝም እል ነበር። የሰባት ሰዎች ቦርሳ እንዲህ ሆኗል። ለቤተ ክርስቲያን ሴቶች 'የሲቲ ነው፤ ግዙ፤ እኔ ዋስ ነኝ' ያልኩት እኔ ነኝ።"

በሩን ሳይዘጉት ወጡ። ቅዝቃዜው ገባ።

ሲቲ የቦርሳን ነገር በትምህርት ቤት አልተማረችውም። ቻይና ነው ያስተማራት።

ለመርካቶ ነጋዴዎች ዕቃ እየመረጠች በመላክ ጓንዡ ውስጥ ስምንት ዓመት ኖራለች። ለሌላው ሰው በኮንቴይነር ስትገዛ፣ ለራሷ ግን አንዲት ቀሚስ ማግኘት አቅቷት ነበር። ቁመቷ ረጅም፣ ዳሌዋ ሰፊ፣ እግሯ ትልቅ። ገና የሱቁን ደፍ ሳትረግጥ ሻጮቹ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። "ሜይዮ! ሜይዮ!" የለም! የለም! አንዳንዷ ጓደኞቿን ጠርታ ታሳያታለች። አንዳንዷ ሳትጠየቅ ዳሌዋን በመዳፏ ትለካና ትስቃለች። ከሁሉ ትልቁ ነው የተባለው ሸሚዝ ክንዷ ላይ ሲደርስ ቆሞ ይቀራል። ልብሱን መሞከር አይፈቀድም ብለው ከእጇ የነጠቋትም ነበሩ።

የመጀመሪያውን ዓመት ባዶ እጇን ወደ ክፍሏ ተመለሰች። በሁለተኛው ዓመት ጠባይዋ ተለወጠ። "ሜይዮ" ሲሏት ወንበር ስባ ትቀመጥና "እሺ፤ ከሌለ ሥሩልኝ" ትል ጀመር። ባባረሯት ቁጥር በማግስቱ ትመለሳለች። ሊንን ያገኘቻት እንዲህ ነው። ሊን በአንድ አሮጌ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለት የስፌት መኪና የነበራት አጭር፣ ተቆጪ ሴት ናት። ሲቲን ከላይ እስከ ታች አይታ አልሳቀችም። ሜትር አወጣችና "ክንድሽን ዘርጊ" አለቻት።

ቦርሳም እዚያው ተማረች። በትልልቆቹ የቦርሳ ገበያዎች ሻጩ ግራ ቀኝ አይቶ መደርደሪያውን ገፋ ያደርግና ከኋላው ወዳለች ስርቻ ያስገባል። ታላላቅ ስም የተለጠፈባቸው ቦርሳዎች እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። ስሙ ያማረ፣ ዕቃው የማይረባ። ሲቲ ስም ማንበብ ተወች። ዚፑን ደጋግማ ትስባለች፤ ታሸታለች፤ ገበሩን ትገለብጣለች። "ገበሩን ያልገለበጠ ሰው ቦርሳ ገዛሁ አይበል" ትላለች እስከ ዛሬ።

ታዲያ ወደ ፈረንጅ አገር፣ ወደ ኮሎምበስ መጥታ ከፀጉር ቤቱና ከታክስ ቢሮው መሀል ሱቅ ስትከፍት፣ የራሷን ቦርሳ አሰበች። ለሞዴል የሚሆን ሳይሆን በኬር ሥራ፣ ማለትም በሕሙማን እንክብካቤ፣ ድርብ ሺፍት ለሚገቡ ሴቶች። ወፍራም ቆዳ፤ የሥራ ልብስና ምሳ የሚይዝ፤ በግራ ትከሻ ሲንጠለጠል ቀኝ እጅ በቀላሉ እንዲከፍተው ዘለበቱ በቀኝ በኩል። ሥራውን ለሊን ሰጠቻት። ናሙናው ሲመጣ ሴቶቹ እየነኩት፣ እያሸተቱት በቅድሚያ ከፈሉ።

የሸጠችው ሔርሞን ናት። ሔርሞን ከሲቲ በአሥር ዓመት የምታንስ፣ ሳቋ ሰው የሚሰበስብ፣ ታማሚ ከመንከባከብ ሥራዋ ጎን የሱቁን የኢንተርኔት ፔጅ የምትመራ ልጅ ነች። ሲቲ ቦርሳውን አሰበችው፤ ሔርሞን ሰው እንዲወደው አደረገች።

ዕቃው ሲደርስ ግን ሲቲ አልነበረችም። አክስቷ ሞተው ለለቅሶ ሚኒያፖሊስ ሄዳለች። ታላቅ ወንድሟ አብዱልሰመድ ካርቶኖቹን ኒው አልባኒ ካለው መጋዘን በቫኑ አመጣ፤ ሔርሞን አደለች። ሲቲ ስትመለስ ቦርሳዎቿን በሴቶች ትከሻ ላይ ከሩቅ እያየች "አልሐምዱሊላህ" አለች።

አንዱንም አልገለበጠችም።

በማግስቱ የቴሌግራም ግሩፑ ተቀጣጠለ። የተላጠ ቦርሳ ፎቶ፤ የተበጠሰ ማንገቻ ፎቶ። "ላስቲክ ሸጠችልን።" "ቻይና ስትኖር የለመደችው ነው።" ሌላ ሱቅ ያላት ሰምሀል ደግሞ፦ "እኔ ቀድሜ አውቄአለሁ፤ ጊዜው ሲደርስ እናገራለሁ" ብላ ጻፈች።

ከሰዓት በኋላ የእትዬ ዓለምነሽ ባለቤት ጋሼ ዘውዴ ደወሉ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት።

"ልጄ፣ ነገሩ ሳይሰፋ እንጨርሰው። በሚመጣው እሑድ ከፕሮግራም በኋላ አዳራሹ ውስጥ እንሰብሰብ። ጥፋቴ ነው በይ፤ ገንዘባቸውን ሪፈንድ አድርጊ፤ ሰው ይቅር ይልሻል።"

"ጋሼ ዘውዴ፣ ሪፈንዱን ማድረግ ይቻለኛል። ያላደረግሁትን አደረግሁ ማለት ግን አይቻለኝም።"

"ታዲያ ማን አደረገው?"

"እሑድ እነግርዎታለሁ።"

ስልኩን ዘጋች። ምን ብላ እንደምትነግራቸው ፈጽሞ አታውቅም ነበር።

ሔርሞን ሱቁ ውስጥ ቆማ ሰምታታለች። መጥታ አቀፈቻት።

"ሲቲዬ፣ ለምን ትጋፈጫለሽ? ሊን ናት የበላችሽ። ቻይና አይደል? ሶሪ በይና ይለፍ።"

"ሊን እንዲህ አታደርገኝም።"

"እንዴት አወቅሽ?"

"ክንድሽን ዘርጊ ያለችኝ እሷ ብቻ ነበረች።"

ሔርሞን አልገባትም። ሲቲም አላስረዳቻትም።

ሰኞ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ወጣቱ ፖሊስ ጨዋ ነበር፤ ግን እየደጋገመ ሰዓቱን ያያል።

"ምን ተሰረቀ?"

"ቦርሳዎቼ።"

"ይሄ ምንድን ነው ታዲያ?"

"ቦርሳ።"

"ስምዎ አለበት።"

"አለበት። ግን የኔ አይደለም።"

ፖሊሱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "እመቤቴ፣ የተሰበረ በር የለም፤ የጎደለ ዕቃ የለም። ከፋብሪካው ጋር የሚጨርሱት ጉዳይ ይመስለኛል።"

"ሪፖርቱን ይጻፉልኝ።"

"እዚህ ላይ የምጽፈው..."

"ይጻፉልኝ። አልነሣም።"

ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች። ጻፈላት።

ማምሻውን ሬይኖልድስበርግ ቤቷ ገብታ ሊንን በቪዲዮ ጠራቻት። እዚያ ንጋት ነበር። ሊን ፊቷን ሳትታጠብ ቦርሳውን በስክሪኑ አየች።

"አገላብጪው" አለች። "ስፌቱን አስጠጊልኝ። ጠርዙን።"

ሲቲ አሳየቻት።

"ይሄን ሊን ሠራችው ካልሽ ከእንግዲህ አትደውዪልኝ።"

"አላልኩም። ያሉት ሌሎች ናቸው።"

"ሌሎች እጄን አያውቁትም። አንቺ ታውቂዋለሽ።" ሊን ቁጣዋ ሲበርድ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። "ሰው አስመስሎ ሠርቶብሻል፣ ሲቲ። ርካሽ አስመሳይ።"

ሲቲ ስልኩን ዘግታ የመጀመሪያውን ናሙና ከቁም ሳጥኗ አወጣች። ሚኒያፖሊስ ይዛው የሄደችው እሱን ነበር። ከእትዬ ዓለምነሽ ቦርሳ ጎን ጠረጴዛው ላይ አቆመችው።

አየች። ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። እንደገና አየች።

የናሙናው ዘለበት በቀኝ ነው። የዚህኛው በግራ።

የጎን ኪሱም ተገልብጧል። የማንገቻው ቀለበትም። አንዱ ቦርሳ ሌላውን ፊት ለፊት ቆሞ የሚያየው ይመስላል።

ሲቲ ድንገት ሳቀች። ብቻዋን፣ ጮክ ብላ።

ጓንዡ ውስጥ በሦስተኛው ዓመቷ የምትወደው ቀሚስ አልቆባት ነበር። ለብሳው በመስታወት ፊት ፎቶ ተነሣችና ለሊን "እንዲህ አድርገሽ ስፊልኝ" ብላ ላከችላት። ቀሚሱ ሲመጣ ሁሉ ነገሩ ልክ ነው፤ ቁልፎቹ ግን በተቃራኒው ጎን ተደርድረዋል። ሲቲ ስትጮህ ሊን ፎቶውን አሳየቻት። "ስፌት ያሳየሽውን እንጂ ያሰብሽውን አይሠራም። መስታወት ካሳየሽኝ መስታወት እሰፋልሻለሁ።"

ቦርሳውን አስመስሎ ያሠራው ሰውም ለፋብሪካው የላከው በመስታወት የተነሣ ፎቶ ነው።

ማን? ናሙናው ሱቁ ውስጥ ተሰቅሎ ነበር። ትልቁ መስታወት ፊት ያላንጠለጠለው ደንበኛ የለም። ስልኩን አውጥቶ ያላነሣውም ጥቂት ነው።

ሲቲ ገበሩን ገለበጠች። የቁልፍ ማንጠልጠያውን ፈለገች። በናሙናው በስተቀኝ ነው።

በዚህኛውም በስተቀኝ ነው።

ሳቋ ደረቀ። ውጪው ተገልብጧል፤ ውስጡ ቀጥ ያለ ነው። ውጪውን በመስታወት ያነሣው ሰው ውስጡን ያነሣው ያለ መስታወት፣ ከፍቶና ባዶ አድርጎ፣ ከላይ ወደ ታች ነው። ተደላድሎ። ማንም ሳያየው።

አንድ ስም ወደ ሐሳቧ መጣ። ገፋችው። ተመልሶ መጣ።

ማክሰኞ ወደ ሰምሀል ሱቅ ሄደች። ሰምሀል ልብስ እየሰቀለች ነበር። ዘወር ብላ ስታያት እጇ መስቀያው ላይ ቀረ።

"ልትጣዪኝ ነው የመጣሽው?"

"ልጠይቅሽ ነው። ሱቄ መጥተሽ ናሙናውን ይዘሽ ፎቶ ተነሥተሻል።"

"ተነሥቻለሁ። ወንጀል ነው?"

"አሳዪኝ።"

"ለምን ብዬ?"

"ጊዜው ሲደርስ እናገራለሁ ብለሽ የለ? ጊዜው ደርሷል።"

ሰምሀል ጥቂት አመነታች፤ ከዚያ ስልኳን ሰጠቻት። ሰምሀል በመስታወቱ ፊት፣ ቦርሳው በትከሻዋ፣ እንደ ተዘጋ። ከኋላዋ ሲቲ ራሷ እጇን አጣምራ ቆማለች። ሌላ ፎቶ የለም።

"ከፍቼ አላየሁትም" አለች ሰምሀል። "አንቺ እንደ ዘበኛ ቆመሽብኝ እንዴት ልክፈተው?"

"እሺ። ታዲያ ቀድሞ ያወቅሽው ምንድን ነው?"

ሰምሀል ስልኩን ተቀብላ ነካ ነካ አደረገችና መልሳ ዘረጋችላት። የኢንተርኔት መሸጫ ነው። ጥቁር ቦርሳ፣ የሚያበራ ቆዳ፣ ስሙ የፈረንጅ። ዋጋው ሲቲ ከሸጠችበት ሦስት እጥፍ።

"ጥሩውን ስም ቀይረሽ ለፈረንጅ፣ ውዳቂውን ለኛ! አይደለም? እኔን ያናደደኝ እሱ ነው። እህቶችሽ አይደለንም ወይ?"

ሲቲ ፎቶውን በጣቶቿ አሰፋችው። ዘለበቱ በቀኝ ነው። ጠርዙ የሊን ስፌት ነው።

"ሰምሀል፣" አለች ቀስ ብላ፣ "ይሄ ሱቅ የኔ አይደለም። ቦርሳው ግን የኔ ነው። የተሰረቀብኝን አገኘሽልኝ።"

ሰምሀል ስልኩን ወደ ራሷ መልሳ ፎቶውን አየችው።

"እሑድ አዳራሹ ትመጫለሽ?" አለቻት ሲቲ።

"አሁን ማን ያስቀረኛል?"

ያን ማታ ወደ ወንድሟ ቤት ሄደች። አብዱልሰመድ ከሥራ ገብቶ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ሲቲ ሻይ እንኳ አልጠየቀችም።

"ጋሼ፣ ካርቶኖቹን ያመጣህ ዕለት ቀጥታ ሱቅ ነው የወሰድከው?"

"ነግሬሽ የለም?"

"እንደገና ንገረኝ።"

"ሱቅ ነው የወሰድኩት።"

"ዐይኔን እያየህ ንገረኝ።"

አብዱልሰመድ አላያትም። ጺሙን ዳሰሰ። የአምሳ ዓመት ሰው፣ ውሸት የማያምርበት።

"ቃል ሰጥቻለሁ" አለ በመጨረሻ።

"ለማን?"

ዓይኑን ወደ ወለሉ መለሰ።

"ጋሼ፣ ሰዉ ወንድምና እህት አታለሉን እያለ ነው። አንተ ቃልህን ስትጠብቅ የኔም ያንተም ስም በየቤቱ እየተጣለ ነው።"

ራሱን ያዘ። "አንቺ ለቅሶ ላይ ነበርሽ። ሔርሞን የሱቁ ቁልፍ ጠፋብኝ ብላ አለቀሰችብኝ። 'ሲቲ በሐዘኗ ላይ ትጨነቃለች፣ አትንገራት' አለችኝ። ፍራንክሊንተን የተከራየችው የዕቃ ስቶሬጅ አላት፤ ለአንድ ሌሊት እዚያ አራገፍኩ። በማግስቱ ጭኜ ሱቅ ወሰድኩ። ካርቶኑ ያው ነበር፤ የታሸገ። ምን አጠፋሁ?"

ሲቲ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። በዚያች ሌሊት የሊን ቦርሳዎች ከካርቶኑ ወጥተው፣ ተመሳስለው የተሠሩት ገብተዋል። ገፍታው የነበረው ስም አሁን ሙሉ ሆኖ ፊቷ ቆመ። ናሙናውን "ሸክም ይቻል እንደሆነ ፈትኚው" ብላ ለአንድ ሳምንት ያስያዘቻት ራሷ ናት። ከሔርሞን ጋር ከአንድ ሳህን በልተዋል። ሔርሞን ስትታመም ሾርባ ይዛ የሄደችው እሷ ናት።

አለቀሰች። ወንድሟ እጁን ትከሻዋ ላይ አደረገ።

ሲበቃት ፊቷን ጠረገች። "ነገ ፖሊስ ጣቢያ አብረን እንሄዳለን። የነገርከኝን ትነግራቸዋለህ።"

"እሷንስ አታናግሪያትም?"

"ብቻዬን? ብቻዬን ካናገርኳት አልቅሳ ታስለቅሰኛለች። እኔን የከሰሱኝ በሰው ፊት ነው።"

እሑድ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሴቶቹ የተላጡ ቦርሳዎቻቸውን ጭናቸው ላይ ይዘዋል። ጋሼ ዘውዴ አጭር ጸሎት አድርገው ወንበራቸውን ወደ ሲቲ አዞሩ። ሔርሞን ከፊት ተቀምጣለች፤ ለሲቲ ራሷን ነቀነቀችላት፣ አይዞሽ እንደማለት።

"እንግዲህ ልጄ፣ ለእህቶችሽ የምትዪው ካለ።"

ሲቲ ተነሣች። ሂጃቧን አጠበቀች።

"ጥፋቴ ነው ልል የመጣሁ የመሰላችሁ ካላችሁ፣ አልልም።"

ጉምጉምታ ተነሣ። ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

"አንድ ጥፋት አለብኝ። ካርቶኑ ሲመጣ አልነበርኩም፤ ከመጣሁም በኋላ አንዱን አልገለበጥኩም። እሱን እቀበላለሁ። ሌላው ግን የኔ አይደለም። እትዬ ዓለምነሽ፣ ይቅርታ፤ አንድ ጊዜ ይርዱኝ።"

እትዬ ዓለምነሽ ሳይወዱ መጡ። ሲቲ ናሙናውን በግራ ትከሻቸው አንጠለጠለችላቸው።

"ዓይንዎን ጨፍነው ቁልፍ ያውጡልኝ።"

የእትዬ ዓለምነሽ ቀኝ እጅ ሄደ፤ ዘለበቱን ፈታ፤ ቁልፉን ይዞ ወጣ።

"አሁን በራስዎ ቦርሳ።"

እጃቸው ሄደ። ዘለበቱ የለም። ዳበሱ። በግራ እጃቸው ዞረው ፈቱት፤ ቁልፉን ለማግኘት ደግሞ መልሰው በቀኝ ገቡ። ዓይናቸውን ገለጡ።

"ይሄ ነገር ተገልብጧል እንዴ?"

"ተገልብጧል። ምክንያቱም ከመስታወት ነው የተቀዳው።" ሲቲ ስለ ፎቶው፣ ስለ ውጪውና ስለ ውስጡ ነገረቻቸው፤ ቀስ ብላ፣ ሁለቱን ቦርሳ እያሳየች። ሰምሀል ከኋላ ተነሥታ ስልኳን ለጎረቤቶቿ አቀበለች። እውነተኛው ቦርሳ ከፈረንጅ ስሙ ጋር ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

ከዚያ ሲቲ ወደ ፊተኛው ወንበር ተጠጋች።

"ሔርሞን፣ ናሙናውን አንድ ሳምንት ይዘሽው ነበር።"

"አንቺ ነሽ ያዢው ያልሽኝ።"

"እኔ ነኝ። ከኔና ካንቺ ሌላ ከሱቅ ይዞት የወጣ ሰው አለ?"

"ምን አውቃለሁ?"

"አለ ወይስ የለም?"

"...የለም።"

"ካርቶኖቹ ከኒው አልባኒ የመጡ ለት የት አደሩ?"

"ሱቅ ነዋ!"

"ፍራንክሊንተን ነው ያደሩት።" አብዱልሰመድ ነበር፤ ከበሩ አጠገብ ቆሟል። "ቃሌን አፍርሻለሁ፣ ሔርሞን። ቃሉን ያስገባሽኝ ለሌብነት መሆኑን አላወቅሁም።"

ጋሼ ዘውዴ መነጽራቸውን አወለቁ።

ሔርሞን መጀመሪያ ሳቀች። ሰው አልሳቀላትም። ከዚያ ተነሣች፤ አንገቷ ቀጥ ብሎ።

"እሺ! እኔ ነኝ። ግን ጠይቁኝ ለምን እንደሆነ! ስምንት ሰዓት የአልጋ ታማሚ ሳነሣ ውዬ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ምንም አይያዝልኝም ብዬ ያማረርኩላት እኔ ነኝ። ኪሱን እዚህ አድርጊው ያልኳት እኔ ነኝ። ፊቴን እያሳየሁ፣ እየሳቅሁ የሸጥኩት እኔ ነኝ። ቦርሳው ሲመጣ ምን ተጻፈበት? ሲቲ! ሲቲ ብቻ! ፈረንጆቹ ምን ያህል ሊከፍሉበት እንደሚችሉ አውቃለሁ፤ እሷ ግን ከዚህ ሰፈር አላስወጣውም አለች። እኔ ነኝ ያስወጣሁት!"

ከተባለው ውስጥ እውነት የሆነ ነገር ነበር፤ ወጋት። ኪሱ የሔርሞን ሐሳብ ነው። ስሟን ከጎኗ መጻፍ ለአንድ አፍታ እንኳ ትዝ አላላትም።

"ስሙን ብትጠይቂኝ እሰጥሽ ነበር" አለች። "ብትቆጪኝ፣ ብትሰድቢኝ እንኳ እሰማሽ ነበር። አንቺ ግን የታማሚ አልጋ ምን እንደሚከብድ እያወቅሽ እነዚህን ሴቶች ላስቲክ አሸከምሻቸው። እትዬ ዓለምነሽ በረዶ ላይ ሲንበረከኩ ቦርሳው ላይ የነበረው ስም የኔ ነበር። ሥራው የሷ ነው ብለሽ ሊንን ወነጀልሽ፤ ቻይና አይደል አልሽኝ። ወንድሜን በሐዘኔ አሳብበሽ ዋሸሽው። ለዚህ ሁሉ አንድ ኪስ ምክንያት አይሆንም።"

ሔርሞን ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ማንም አልከለከላትም።

ከሴቶቹ አንዳንዶቹ ማልቀስ ጀመሩ። ጋሼ ዘውዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እንግዲህ እውነቱ ወጣ። ተመስገን። ልጅቱም የኛው ልጅ ናት፤ ወጣት ናት። በሽምግልና እንያዘው፤ ፖሊስ አይግባበት።"

"ረቡዕ ገብቷል፣ ጋሼ ዘውዴ።"

"እንዴ! ሳትነግሪን?"

"በኔ ላይ ለመፍረድ ስትሰበሰቡ አስቀድማችሁ ማን ጠየቀኝ?" ሲቲ ሁለቱንም ቦርሳዎች አንሥታ ያዘች። "ጥፋተኛ ናት ብላችሁ በግሩፑ የጻፋችሁ፣ በግሩፑ አንሡልኝ። ዛሬ። በጆሮዬ ሳይሆን በጻፋችሁበት ቦታ።"

እትዬ ዓለምነሽ ስልካቸውን አወጡ። በአንድ ጣት፣ ፊደል እየፈለጉ፣ ረጅም ጊዜ ጻፉ። የሁሉም ስልክ ድምፅ ሰጠ።

በሳምንቱ ፖሊሶች የፍራንክሊንተኑን ስቶሬጅ ከፈቱ። ከሊን ቦርሳዎች አብዛኞቹ እዚያው ነበሩ፤ ከግማሾቹ የሲቲ ስም ተነቅሎ ሌላ ስም ሊሰፋባቸው ተዘጋጅተው። ያ ወጣት ፖሊስ ራሱ ደውሎ ነገራት፤ ትንሽ እንደ ማፈር ብሎ። ቦርሳዎቹ እስኪለቀቁ ጊዜ ወሰደ። ሲለቀቁ ሲቲ እያንዳንዱን ገለበጠች፤ ዚፑን ሳበች፤ አሸተተች። ተሸጠው የሄዱትን ሊን አሟላችላት። በአዲሱ ሥራ ላይ ምን ስም እንደሚጻፍ ስትጠየቅ ሲቲ ብዙ አሰበችና የኔኑ ጻፊ አለቻት።

የሔርሞን የፍርድ ቤት ቀን ሲቃረብ ጋሼ ዘውዴ እንደገና ደወሉ። ሔርሞን እሳቸው ዘንድ መጥታ አልቅሳለች፤ ይቅርታ ትጠይቅሻለች አሉ።

"ይቅር ብያታለሁ፣ ጋሼ" አለች ሲቲ። "ይንገሩልኝ። ከልቤ ነው።"

"ተባረኪ! ተባረኪ ልጄ። እንግዲያው ክሱን ትተዪዋለሽ።"

"አልተወውም።"

"ይቅር ብያለሁ አላልሽም እንዴ?"

"ይቅርታው የኔ ነው፤ ሰጥቻለሁ። ክሱ የሕግ ነው፤ እሱን ሕግ ይጨርሰው። ሁለቱን አያደባልቁብኝ።"

 

"ጠንካራ ሴት ነሽ" አሉ ጋሼ ዘውዴ። ምስጋና ይሁን ወቀሳ አልለየም።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለች ሲቲ፤ ምስጋና አድርጋ ወሰደችው።